ዝናና መታወቅ
(በአዋሽ አርባ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በቁጠባ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለመናገር ይከብዳል፤ ዝም ብንለው ግን ማኅበራችንን ያፈርሳል። ባለፈው ለቴሌቪዥን ሊቀርጹን ሰዎች በመጡ ጊዜ የተናገሩት ሁለት አባላት ብቻ ነበሩ። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ የታየውም የእነሱ ፊት፣ የተጠራውም የእነሱ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ «እኛስ አልለፋንም ወይ?» ብለው ከስብሰባ የቀሩ እህቶች አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያን ቀን «የሌሎቹንም ስም ጻፉልን» ማለት የነበረብን እኛ ነን፤ አላልንም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዝና ምን እንደሆነ ከዚሁ ከአፋር ምድር እንመልከት። እንደ ድንቅነሽ የታወቀ ማን አለ? አፅሟ የተገኘው አዋሽ ወንዛችን ወደ ታች በሚወርድበት፣ በሐዳር፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ዓለም የሚጠራት ሉሲ ብሎ ነው፤ ይህም ስም የወጣላት ተመራማሪዎቹ በሰፈራቸው ሲሰሙት ከነበረ የቢትልስ ዘፈን ነው። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዝና አላየችውም። በሕይወቷ ዘመን የሚያውቋት አብረዋት የዋሉና ያደሩ ብቻ ነበሩ።

ያገኟትስ? የዶናልድ ጆሃንሰንን ስም ብዙ ሰው ሰምቷል። ነገር ግን በዚያው ወቅት፣ ድንቅነሽ ከመገኘቷ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ በሐዳር የጥንት ሰው መንጋጋ ያገኘ ዓለማየሁ አስፋው የሚባል ኢትዮጵያዊ ነበር። ከመካከላችን ስሙን የሰማች ስንት ናት? ሥራው አልጠፋም፤ ስሙም ቢሆን አብሮ ሊጠራ ይገባው ነበር።

እህቶቻችን፣ ዝና ማለት አይተውን የማያውቁ ሰዎች ስማችንን ማወቃቸው ነው። ጥሩ ነገር ነው፤ አንጠላውም። ብድር በምንጠይቅበት ቀን ግን ዋስ የሚሆነን በቴሌቪዥን ያየን ሰው አይደለም። ዋስ የምትሆነን በየሳምንቱ ቁጠባችንን ስናስገባ ያየች፣ ልጃችን በታመመ ጊዜ ውሃ የቀዳችልን እህት ናት። ያንን መታወቅ በአንድ ቀን ቀረጻ ማንም አይሰጠንም፤ የቀሩት እህቶች ከተለዩን ግን እናጣዋለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ የምትናገረዋ በተራ ትሁን፤ ከመናገሯም በፊት የሁላችንም ስም ከደብተሩ ይነበብ። ሁለተኛ፣ የቀሩትን እህቶች በስልክ አንጥራቸው። ዛሬ ከስብሰባው ስንወጣ አንድ ላይ ሆነን ቤታቸው እንሂድ። ቁጠባቸው በደብተሩ ላይ አለ፤ ቦታቸውም ክፍት ነው።