ከጉቶው የተነሣው ደን



ድርቅን ለመቋቋም እህል ማከፋፈል ብቻውን እንደማይበቃ በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ምስክር ነው። ደኑ ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ ተራቁቶ ነበር፤ የዛፎቹ ጉቶና ሥር ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ገበሬዎች በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር መሬት ከልቅ ግጦሽና ከምሳር ከለሉ፤ ከጉቶው ያቆጠቆጠውንም ቀንበጥ እየመለመሉ ጠንካራውን አሳደጉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት መርሐ ግብር ተመዘገበ፤ ከካርቦን ሽያጭም ማኅበራቱ ገቢ አገኙ።

ሆኖም መሬት ሲከለል ከብቱን ያሰማራበት፣ እንጨት ይለቅምበት የነበረው ደሃ አስቀድሞ አማራጭ ሊያገኝ ይገባል። ስለዚህ ችግኝ ከማጓጓዝ በፊት ጉቶውን መመርመር፣ ከሁሉ አስቀድሞም ነዋሪውን ማማከር የባለሙያው ተቀዳሚ ተግባር ነው።