ለውዱእ የበቃ ውሃ ለመጠጥስ?



ውድ አድማጮቻችን፣ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው በነጃሳ ያልተለወጠ ውሃ ለውዱእ እንደሚበቃ ተምረናል። ለመጠጥ ግን ሌላ ምርመራ ይሻል። በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይና በመቂ ዙሪያ፣ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ከዐለቱ የሟሟ ፍሎራይድ በዝቶበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ሲያልፍ የልጆቻችንን ጥርስ ያበልዛል፣ ዓመታት ሲቆይ መገጣጠሚያ ያደርቃል። «አፍልተን እናጠጣለን» የምትሉ እናቶች፣ ማፍላት ጀርም ቢገድልም ፍሎራይድን አያወጣም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይከማቻል። የከሰለ የከብት አጥንት ማጣሪያ ግን ያስቀረዋል። «የማን እርድ ነው?» ትሉናላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሙስሊም ካረደው ከብት አጥንት እንዲሠራልን አብረን እንጠይቅ። እስከዚያ የክረምቱን ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠራቅመን ለልጆች መጠጥ እናቆይ፤ የጉድጓዱ ለውዱእና ለልብስ ይዋል።