ለቆራሌው ያልተሸጠው ብረት
(በዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በነርስነቴ ነው። በየዓመቱ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር አወራችኋለሁ። ዛሬ ግን ስለ ብረት ላውራ፤ ስለ ሲንገር እግር።

እናቴ በእግር በሚረገጥ ሲንገር የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አምስት ልጆች አሳድጋለች። ነርሲንግ ልማር እንግሊዝ ስመጣ የአውሮፕላን ቲኬቴ የተቆረጠው በዚያው ገንዘብ ነው። ከዓመታት በኋላ መኪናው ዛገ፤ አንዱ እግሩ ተሰንጥቆ ጓዳ ገባ። በስልክ «እማዬ፣ ለቆራሌው ሽጪው፤ የኤሌክትሪክ እልክልሻለሁ» አልኳት። «አንቺን ያስተማረውን ለቆራሌው?» ብላ ስልኩን ለእህቴ ሰጠቻት። የኤሌክትሪኩን ላክሁላት። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን በጨርቅ ሸፍናው ትቀመጣለች።

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ስገባ አሮጌውን ለማደስ ተነሳሁ። መጀመሪያ ተሳሳትሁ፤ እግሩን እንደ በር ብረት አስበየድሁት። ማታ ደኅና ነበር፤ ጠዋት ከብየዳው ጎን ሌላ ስንጥቅ ወጣ። ይህ ብረት ቀልጦ በቅርጽ የተቀዳ፣ መካኒኮች ጊዛ የሚሉት ነው። ካርቦን ስለሚበዛበት አይታጠፍም፤ ይሰበራል። ቀድሞ ሳይሞቅና ለጊዛ በሚሆን ዘንግ ሳይሆን ከተበየደ፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በኋላ አንድ የሰፈራችን አዛውንት መካኒክ ከውስጥና ከውጭ ጠፍጣፋ ብረት ለጥፈው በብሎን አሰሩልኝ። ጸና።

ቀሪውን በእጄ ሠራሁት። ከመፍታቴ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁ። የዛጉትን ብሎኖች በላምባና በዘይት ነክሬ አሳደርኋቸው፤ መዶሻ አላነሳሁም። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁ። እዚህ ላይ እንደ ነርስ ልናገር፤ አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። አቧራው በተለይ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ይጎዳል። ስለዚህ ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉ፤ እያረጠባችሁ፣ አቧራ የሚከለክል ማስክ አድርጋችሁ፣ ልጆችን አርቃችሁ ሥሩ።

ቁስል ሳይጠራ አይሸፈንም፤ ዝገትም እንደዚያው ነው። ብረቱ በደንብ ደርቆ እንደጠራ፣ በዕለቱ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ከዚያ ጥቁሩን ስስ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ነው። መርገጫውና ትልቁ ጎማ የሚዞሩበት ቦታ ግን ቀለም አይነካውም፤ ዘይት ብቻ። የቆዳው ቺንጋም ከመጠን በላይ አይወጠር። መርገጫው ሲከብድ የሚታመመው የሰፊዋ ጉልበትና ወገብ ነው።

እኔ በምኖርበት አገር ይህ እግር በየካፌው ጠረጴዛ ሆኖ ይታያል። ስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ትልቁ የሲንገር ፋብሪካም በ1980 ተዘግቷል። በእኛ ከተማ ግን ዛሬም በረንዳ ላይ እንጀራ ያበላል።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ማኅበራችን በሚረዳው የሴቶች ማሠልጠኛ ጓሮ ስድስት መርገጫ መኪናዎች ዝናብ ሲመታቸው አይቻለሁ። ሊጣሉ ነው። በዚህ ዓመት ሌላ የኤሌክትሪክ መኪና ከመላካችን በፊት እነዚህን እናሳድስ። ሥራውን ለከተማችን መካኒኮች እንስጥ፤ ሠልጣኞቹም አብረው ይማሩት። የአንዱን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ አምስት ይቀራሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እናቴ ዛሬም በአሮጌው ትሰፋለች። ስደውልላት ከበስተጀርባ ድምፁ ይሰማኛል። «ቆራሌው መጣ ወይ?» እያለች ትቀልድብኛለች።