ሸኽ ዑመር አል-ሙኽታር የማን ናቸው?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

አንድ ወጣት አድማጫችን ስለ ዑመር አል-ሙኽታር የተሠራውን «የበረሃው አንበሳ» የተሰኘ ፊልም ካየ በኋላ፣ «ሸኹ የታገሉት ለዲናቸው ነው ወይስ ለሀገራቸው?» ሲል ጠይቆናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱን ለያይተው አንዱን እንድንመርጥ ያስገደዱን ከሸኹ ሞት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ዛሬ ስለዚህ እንነጋገራለን፤ ዓመቶቹን የምጠቅሰውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቅድሚያ የታወቀውን እናስቀምጥ። ሸኽ ዑመር በምሥራቅ ሊቢያ ቁርአን የሚያቀሩ መምህር ነበሩ። በጀግቡብ የሰኑሲያ መድረሳ ቀርተው፣ በጀበል አል-አኽደር የአል-ቁሱር ዛዊያ ሸኽ ሆኑ። ዛዊያ ማለት መስጊድም፣ መድረሳም፣ የመንገደኛ ማረፊያም፣ የጎሳዎች መታረቂያም ነው። ጣሊያን ሊቢያን በ1911 ወረረች። የሰኑሲያ መሪ ሰይድ ኢድሪስ በ1922 መጨረሻ ወደ ግብፅ ሲሄዱ ሸኽ ዑመር የእርሳቸው ናኢብ ሆነው ጦርነቱን መሩ። ያኔ ዕድሜያቸው ስልሳ ዓመት ገደማ ነበር።

በ1930 ጄኔራል ግራዚያኒ መቶ ሺህ ገደማ የሚሆነውን የጀበሉን ሕዝብ ከነከብቱ ነቅሎ ሽቦ በታጠሩ የበረሃ ካምፖች ውስጥ አጎረው። በረሃብና በበሽታ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አለቁ። ዛዊያዎቹ ተዘጉ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። ሸኹ በሴፕቴምበር 1931 ተማርከው በዚያው ወር በ16ኛው ቀን ሱሉቅ ላይ ወገናቸው እያየ ተሰቀሉ። አላህ ይዘንላቸው።

ከዚያ በኋላ የታሪካቸው ባለቤት ማን ሆነ? ሊቢያ በ1951 ነጻ ስትወጣ ሰይድ ኢድሪስ ነገሡ። በንጉሡ ዘመን ጂሃዱ የሰኑሲ ቤተሰብ ጂሃድ ተደርጎ ተነገረ። በ1918 በትሪፖሊ በኩል ሪፐብሊክ ያወጁት ታጋዮች ወደ ዳር ተገፉ። የንጉሡ ወንድም ሰይድ አል-ሪዳ በ1928 ለጣሊያን እጃቸውን መስጠታቸውም ጮክ ብሎ የሚነገር አልነበረም።

በ1969 ኮሎኔል ጋዳፊ ንጉሡን ገለበጡ። የሰኑሲያ ጦሪቃ ታገደ። የሸኽ ዑመር ምስል ግን በአሥር ዲናር ኖት ላይ ታተመ። አጽማቸው ከቤንጋዚ ወደ ሱሉቅ ተዛወረ። ያ ወጣታችን ያየው ፊልምም በ1981 የወጣው በዚሁ መንግሥት ገንዘብ ነው። ጸሐፊዎቹ ሸኹን የዓረብ ብሔርተኝነት ጀግናና የአብዮቱ አባት አደረጓቸው። ደረሳው ተወደሰ፤ ያቀራው ቤት ተረሳ። በ2009 ጋዳፊ ሮም ሲገቡ በደረታቸው ላይ የለጠፉት ሸኹ በተማረኩ ጊዜ የተነሳውን ፎቶግራፍ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2011፣ የቤንጋዚ ሕዝብ የእኚህኑ ሸኽ ምስል ይዞ በጋዳፊ ላይ ተነሳ።

ፍትሐዊ እንሁን። ብሔርተኞቹ የሠሩት መልካም ሥራም አለ። ከአዛውንቶች አፍ ብዙ ምስክርነት ሰብስበዋል። እነርሱ ባይጽፉ ኖሮ ሙጃሂዶቹን ሽፍታ የሚሉት የጣሊያን መጻሕፍት ብቻ በቀሩልን ነበር። ችግሩ የሚመጣው የሸሂዱን ግማሽ ወስደው ግማሹን ሲቀብሩት ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ለብሔርተኛ ጸሐፊ ከሁሉም የማይመቸው ሰው አስካሪው ነው። ጣሊያን በሊቢያ ሙስሊሞችን ለመውጋት ከኤርትራ የመለመለቻቸውን ወታደሮች አሰልፋለች፤ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። ሊቢያውያንም በጣሊያን ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ያው ግራዚያኒ በ1936 ወደ ኦጋዴን ሲዘምት የሊቢያ ክፍለ ጦር ይዞ ነበር። በዚያው ግንባር ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው ጣሊያንን ከተዋጉት መካከል ደግሞ ሶማሌው ሙስሊም ዑመር ሰመተር ይገኙበታል። በማርች 1937 ሙሶሎኒ በትሪፖሊ «የእስልምና ሰይፍ» የተባለ ሰይፍ አንስቶ የሙስሊሞች ጠበቃ ነኝ አለ። የቁርአን መምህሩን ከሰቀለ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም! ከሁለት ወር በኋላ፣ በሜይ 1937፣ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱ ሲፈጁ ጣሊያን ለዚያ ሥራ ያሰለፈችው ሙስሊም ቅጥር ወታደሮችን ነው። ክርስቲያኑን በሙስሊሙ ላይ፣ ሙስሊሙን በክርስቲያኑ ላይ ማዝመት የታሰበበት ዘዴ ነበር።

ይህን መናገር ይከብዳል። እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች አባቶቻችን ጣሊያንን የተዋጉበት ታሪክ ተዘለለ ብለን እናዝናለን፤ ሐዘናችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ዑመር ሰመተርን ጠርተን የደብረ ሊባኖሱን ጠብመንጃ የያዘውን ብንዘልል፣ እኛም በወቀስናቸው መንገድ ሄድን ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትህ እንድንመሰክር አዝዞናል። ታሪክ መናገር ምስክርነት ነው፤ ምስክርነትም አማና ነው።

እንግዲህ ለወጣቱ ወንድማችን መልሳችን ይህ ነው። ሸኽ ዑመር ያቀሩበት ዛዊያና የተዋጉለት ምድር ለእርሳቸው ሁለት አልነበሩም። የለያዩአቸው በኋላ ሥልጣን የያዙ ሰዎች ናቸው። የጀግና ታሪክ ስታነብ፣ ይህ የተጻፈው በማን ዘመን ነው? ማን ቀርቷል? ጸሐፊውን የሚያሳፍረው ነገር የቱ ጋ ነው? ብለህ ጠይቅ። በሰፈርህ የዚያን ዘመን ወሬ ከወላጆቻቸው የሰሙ አዛውንቶች ካሉም ሄደህ ጠይቃቸው፤ የሚያኮራውንም የሚያሳፍረውንም ጻፍ። አዛውንቶቹ አይጠብቁንምና ነገ ዛሬ አትበል።

አላህ እውነትን በእውነትነቱ አሳይቶ የምንከተለው ያድርገን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።