ንድፉ እዚሁ ይቅር

ክቡር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣ ውድ ተመራቂዎች፤

በጉና ተራራ ሥር ቆሞ ስለ ማምረት የሚናገር ሰው ጋፋትን ሳያነሳ አያልፍም። ከዚህ በእግር በሚደረስበት በዚያ ስፍራ ዐፄ ቴዎድሮስ ለወንጌል ሥራ የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር መድፍ ሠሪ ሆነው የመጡ አልነበሩም። እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ እንደገና እየጀመሩ በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን፣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አወጡ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሲነሡ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን እየጎተቱና መንገድ እየጠረጉ ስድስት ወር ገደማ ተጉዘው መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው አለ።

እኔን የሚቆረቁረኝ የመድፉ ዕጣ አይደለም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ንጉሡ ሲሰዉና የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ባለሙያዎቹም አብረው ወጡ። የጋፋት ሥራ በዚያው ተቋረጠ። ምድጃው እንዴት እንደተሠራ፣ ብረታ ብረቱ በምን መጠን እንደተቀላቀለ፣ የመጀመሪያው ሙከራ ለምን እንደከሸፈ ተረክቦ የቀጠለ ወርክሾፕ አልተገኘም። ሙያው በሠሪዎቹ እጅና ጭንቅላት ውስጥ ነበረና ሲሄዱ ይዘውት ሄዱ።

ኮምፒውተር ለምርት ያመጣው ትልቁ ጥቅም ፍጥነት ነው ሲባል እሰማለሁ። ጋፋትን ሳስብ ግን፣ በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅሙ ሠሪው ቢሄድም ሥራው እዚሁ መቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ከተበሳ ጥቅል ወረቀት ትእዛዝ እያነበበ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ለሕዝብ ታየ። በ1963 ደግሞ ኢቫን ሰዘርላንድ እዚያው ተቋም በብርሃን እስክሪብቶ ስክሪን ላይ የሚነደፍበትን ስኬችፓድን አቀረበ። እናንተ የሁለቱ ወራሾች ናችሁ፤ በኮምፒውተር መንደፊያው በካድ የነደፋችሁት ቅርጽ በማምረቻ ሶፍትዌሩ በካም የማሽን ትእዛዝ ወደሆነው ጂ ኮድ ተለውጦ፣ በኮምፒውተር የሚመራው ማሽን ሲ ኤን ሲው ያነበዋል። አየር መንገዳችን የሚያበርረው ቦይንግ 777 ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተነደፈ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነው። በየአገሩ የተሠሩት ክፍሎቹ ሲገናኙ ልክክ የሚሉት ሁሉም ከአንድ ንድፍ ስለሚሠሩ ነው።

ቅርባችን ያለውን ሥራ ግን እንይ። የአንድ ወፍጮ ቤት ዘንግ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተበልቷል እንበል። ወፍጮው ይንቀጠቀጣል፣ ቺንጋው ይወጣል፣ እህል ተሸክማ የመጣች እናት ነገ ተመለሺ ትባላለች። ባለቤቱ ዘንጉን ይዞ ቶርኖ ቤት ይሮጣል። ባለሙያው በብየዳ ሞልቶ፣ መልሶ ልጦ፣ ለክቶ ያስረክበዋል። ወፍጮው ይነሳል፤ ልኩ ግን የትም አልተጻፈም። ከዓመት በኋላ ዘንጉ ሲበላ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህን ዘንግ እናንተ ስትነድፉት ምን ይሆናል? 6208 የተባለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር ነው። ስክሪኑ ላይ 40 ብላችሁ ብትጽፉ ኮምፒውተሩ እሺ ይላል። ብረቱ ግን እንዲህ በቀላሉ እሺ አይልም። ኩሽኔታው ጠበቅ ብሎ እንዲይዝ ዘንጉ ከ40 ሚሊ ሜትር ቢያንስ በ2፣ ቢበዛ በ18 ማይክሮን መወፈር አለበት። ቢቀጥን ኩሽኔታው ላዩ ላይ ይሽከረከራል፤ ቢወፍር ተጨንቆ ይግላል። የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት እንኳ ከዚህ ልዩነት ይበልጣል። ይህን ልክ ካሊፐር አያረጋግጥላችሁም፤ ማይክሮሜትር ያዙ። ደግሞም ብረቱ ሲግልና የመቁረጫው ጫፍ ሲደንዝ ልኩ ይሸሻል። ይህን ከድምፁ ብቻ የሚለየው ዕድሜውን ቶርኖ ፊት ቆሞ ያሳለፈው ሰው ነው። እባካችሁ ዲግሪ ስለያዛችሁ አትለፉት። ንድፋችሁን ይዛችሁ ከጎኑ ቁሙ፤ የሚነግራችሁንም ፋይሉ ላይ መዝግቡት።

ሲ ኤን ሲ ማሽን ውድ ነው፤ መብራት ሲሄድም ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። እውነት ነው። ንድፍ ግን ማሽኑ እስኪመጣ አይጠብቅም። ፍሪካድን የመሰለ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ልኩና የብረቱ ዓይነት በትክክል የተጻፈበት ንድፍ በተራ ቶርኖም ይሠራል። ጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርተው ገበሬያችን መውቂያው በአንድ ጥርስ መሰበር ምክንያት በመኸር ሰዓት ሊቆምበት አይገባም። ያ ጥርስ አንዴ በትክክል ከተለካና ከተነደፈ ፋርጣ ወረዳ ላይ የተሠራው እስቴ ወረዳም ላይ ይሠራል።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አንድ ልመና አለኝ። ከመመረቂያ ጽሑፍ ጋር ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ የቀረ ንድፍ ቶርኖ ቤት አይደርስም። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ተማሪዎች የሚነድፉት የወፍጮ፣ የመውቂያና የውኃ ፓምፕ ዕቃ ሁሉ የከተማውና የየወረዳው ቶርኖ ቤቶች በነፃ በሚያገኙት ቦታ ይቀመጥ። ከፋይሉ ጋር የብረቱ ዓይነት፣ የሠራው ባለሙያ አስተያየት፣ የከሸፈ ሙከራ ካለም ምክንያቱ ጭምር ይጻፍ። ለመጀመሪያው ፋይል የሚሆን የተበላ የወፍጮ ዘንግ እኔ አመጣለሁ፤ ከተመራቂዎቹ መካከል ማይክሮሜትር ይዞ አብሮኝ የሚለካ ይምጣ።