ፈጠራና ሰሚው



ስለ ፈጠራ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ተሰጥኦ ያዘነብላል፤ አንዱ ታድሎ ተወለደ፣ ሌላው አልታደለም፣ አለቀ። እኔ ግን ፈጣሪ ሰው የሚበቅለው አዲሱን ከነባሩ ለይቶ የሚያውቅ ሰሚ ባለበት ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ከቅኔ ቤት የተሻለ ምስክር አይገኝም። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ካጠና በኋላ በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምርና እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን ደበሎውን ደርቦ ዛፍ ሥር ለብቻው ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ የቆጠረውንም ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው ዜማው ልኩን መጠበቁን፣ አገባቡ አለመፋለሱን፣ ምሥጢሩ መያያዙን እየመረመረ የተጣመመውን ያቃናል። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን አንድ ደንብ ነው፦ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ እንደ አዲስ አይባልም። የሰው ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ደፋር ቢገኝ፣ የቆየውን በቃላቸው የያዙ ጓደኞቹ መሐል ብዙ አይራመድም። እዚያ አዲስ ነገር ማምጣት የግለሰብ አምሮት አይደለም፤ ጉባኤው የሚጠይቀው ግዴታ ነው።

«ታዲያ ቆጠራው ለብቻ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ነው። ብቸኝነት ለፈጠራ ያስፈልጋል፤ አልክድም። ነገር ግን ተማሪው ዛፉ ሥር ባዶውን አልሄደም፤ የዜማውን ልክ፣ ከመጻሕፍት የሰማውን ታሪክና ማታ የሚጠብቀውን ጆሮ ይዞ ነው የሄደው።

ወግ ያፍናል የሚለው ተቃውሞ ግን ይከብዳል፤ ደግሞም እውነት አለበት። የቅኔ ጉባኤ ለሴቶች እምብዛም ክፍት አልነበረም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ባያይም ቅኔን ተምረው ለብዙ ተማሪዎች ያስተማሩ ሊቅ ናቸው፤ ይሁን እንጂ አባታቸው የቅኔ መምህር በመሆናቸው ትምህርቱ ቤታቸው ድረስ ነበር። እንዲህ ያለ አባት ያላገኙት ምን ያህል ቅኔ ይዘው እንደቀሩ ማን ይቆጥረዋል? ስለዚህ ማኅበረሰብ ፈጠራን የሚቀርጸው በሚያስተምረው ብቻ ሳይሆን በር በሚዘጋበትም ጭምር ነው። ያም ሆኖ መፍትሔው ጉባኤውን መበተን አይመስለኝም፤ ማስፋት እንጂ። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ፣ ያሳደጋቸውን ሥርዓት አብጠርጥረው የተቹት በዚያው ሥርዓት ውስጥ በተሳለ ቋንቋ ነው። ወጉን ጠንቅቆ ያላወቀ ሰው የትኛው ጎኑ እንደሚያፍን እንኳ ለይቶ መናገር ይቸግረዋል።

በዚህ ምክንያት ነው በዚህ የድርሰት ሥልጠና ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ለመጻፍ ሳይሆን አንዳችን የሌላውን ለመስማት የተመደበው። «ቆንጆ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ሰሚው የቱ ጋ እንደላላ፣ የትኛው አባባል በሰው አፍ ተደጋግሞ እንዳለቀበት፣ የቱ ደግሞ በእውነት ያልተሰማ እንደሆነ ይናገራል። ጸሐፊውም ለመልስ አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ማታ ያርማል፣ በማግስቱ እንደገና ያነባል። ዛሬ ቀድሞ የሚያነበው ማን እንደሚሆን ለእናንተ ትቼ፣ ሥልጠናው መከፈቱን በደስታ አበሥራለሁ።