ለግሸን የእግር መንገድ ምን ይዘን እንነሣ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



  እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜያችንን የጨረስነው በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ ስለሆነ፣ ንግግራችን እንደ ሊቃውንቱ ባያምር ይቅርታ አድርጉልን። የምንናገረው ያየነውን ብቻ ነው።

እንደሚታወቀው፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሲጋመስ ከአባሎቻችን መካከል «ዘንድሮስ ለግሸን በእግራችን ነው የምንሄደው» የሚሉ ይነሣሉ። ኮሚቴውም በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በእግር የተነሣነውን ሰዎች «ምን እንደሚያስፈልግ ለጉባኤው ንገሩ፤ በመጽሔቱም ይውጣ» ብሎ አዘዘን። ትእዛዙን ተቀብለን ይኸው ቆመናል።

ግሸንን የማያውቅ በመካከላችን ብዙ የለም። ሆኖም ለልጆቹና ለእስላም ወንድሞቻችን ሲባል ባጭሩ እንግለጽ። ግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም በአምባሰል የምትገኝ፣ ዙሪያዋን ገደል የከበባት፣ አናቷ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ናት። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት መሠረት ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያረፈው እዚያ ነው። ስለዚህ መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ከየአገሩ ይተምማል። ከከተማችን ከደሴ ሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በእግር ሲሆን ግን ሦስት ቀን ይወስዳል። መንገዱ አንዴ ዳገት አንዴ ቁልቁለት ነው። ወራቱም ክረምቱ ሙሉ በሙሉ ያልለቀቀበት በመሆኑ ቀን ፀሐይ፣ ማታ ብርድ፣ ባላሰቡት ሰዓት ደግሞ ዝናብና ጭቃ አለ።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. ጡረታ በወጣንበት ዓመት፣ ከዚሁ ዕድር ስድስት ሆነን ለመሄድ ተማከርን። ዝግጅታችን ምን ነበር ብትሉ፣ ወሬ ነበር። ስድስታችንም ከገበያ አዳዲስ ጫማ ገዛን። ቤተሰቦቻችን ያሉትን ምግብ ሁሉ ጠቀጠቁልን። በመኪና የሚሄዱትንም «ጎማ የሚያደርሰው ስለት ምን ስለት ነው?» እያልን ቀለድንባቸው። ከመካከላችን አንድም ሰው ሐኪም ዘንድ አልሄደም። ወይም እንደዚያ መስሎን ነበር።

የዚያን ዓመት መስቀል ሐሙስ ዋለ። በማግሥቱ ዓርብ መስከረም 18 ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሣን። ከመካከላችን ልብስ ሰፊው ወንድማችን ነበረ። ስሙን ባንጠራውም ታውቁታላችሁ፤ ዛሬም እዚሁ መካከላችን ተቀምጧል። ይህንን እንድናወራ የፈቀደልን፣ ኧረ እንዲያውም «ሳትቀንሱ ተናገሩ» ያለን እርሱ ራሱ ነው። ልጁ ከዐረብ አገር በደኅና ከተመለሰችለት ጃንጥላና ጧፍ ይዞ በእግሩ ሊመጣ ተስሎ ነበር፤ ልጅቱም ተመልሳለታለች። ስለቱን ሊያደርስ ነው እንግዲህ የሚሄደው።

ዓርብ ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ላንቀምስ ተስማማን። ኩታበር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ አንድ ዳገት ላይ ወንድማችን ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ዞር ብለን ብናየው በብርድ ላብ ተጠምቋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። «ምን ሆንክ?» ስንለው የማይገናኝ ነገር ይመልሳል። እኛ የደከመ መስሎን «አይዞህ፣ በርታ፣ ማርያም ትረዳሃለች» አልነው። አንዱማ «ገና በመጀመሪያው ቀን?» ብሎ ተቆጣው። ጥቂት እንደ ሄደ ተዝለፍልፎ ተቀመጠ።

ከኋላችን ከሚመጡት ተጓዦች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች፤ ልጃችን የምትሆን። ጠጋ ብላ አየችውና «ስኳር አለበት እንዴ?» አለችን። እርስ በርሳችን ተያየን። ሃያ ዓመት በአንድ ድንኳን ሥር ንፍሮ የቆረጠምን፣ ሬሳ አብረን የተሸከምን ሰዎች፣ አንድም የሚያውቅ ጠፋ። ልጅቷ የኛን መልስ አልጠበቀችም። መዋጥ መቻሉን አይታ ስኳር በውሃ በጥብጣ ቀስ በቀስ አጠጣችው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነፍሱ መለስ አለች። ኋላ ስንረዳው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ለካስ የስኳር በሽታ ይዞት ኪኒን ይውጥ ኖሯል። ጧትም እንደ ልማዱ ኪኒኑን ውጦ፣ ምግብ ሳይቀምስ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ዳገት ወጣ። ኪኒኑ ስኳሩን ያወርዳል፤ መንገዱ ያወርዳል፤ ጾሙ ደግሞ የሚተካ እንዳይገባ ይከለክላል። እንዲህ ሆኖ ነው የወደቀው።

እያሳረፍን ኩታበር አደረስነው። ጤና ጣቢያ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቁለት፣ አዲሱ ጫማ ተረከዙንና አንድ የእግር ጣቱን ልጦ ካልሲው በደም ተነክሯል። «አላመመህም?» ስንለው «ምንም አልተሰማኝም» አለ። ይህ በሽታ ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል ብለው አስረዱን።

ማታ በጎኑ ተቀምጠን «ለምን ሳትነግረን?» አልነው። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የነገረን ይኸውላችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ልቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ ካርታ ስንጫወት፣ «ስኳር ያለበት ሰው የዕድር መዋጮውን ቶሎ ያስመልሳል» ተብሎ ተቀልዶ ሁላችን ስቀን ነበር። «እኔ የዚያን ለት ጧት ነው ሐኪሙ የነገረኝ፤ እናንተ ስትስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንዴት ብዬ ልናገር?» አለን።

ያቺን ቀልድ ማን እንዳመጣት እናውቃለን። ይህን የሚያነብላችሁ ሰው አፍ ናት ያመጣቻት።

በማግሥቱ ሁለታችን እርሱን ይዘን በመኪና ወደ ደሴ ተመለስን፤ ሦስቱ ጃንጥላውንና ጧፉን ተሸክመው ቀጠሉ። ሲሰናበቱት ጃንጥላውን ሁለት ጊዜ ሰጥቶ ሁለት ጊዜ መልሶ ተቀበላቸው። በሦስተኛው ለቀቀው። እግሩ ሳይድን ሰነባብቶ አንድ ጣቱ ተቆረጠ። ወገኖቼ፣ ሞት ባይሆንም፣ ከኛ ዝግጅት ማጣት የመጣ ጉዳት ነው።

ስለዚህ ለሚነሡ ሁሉ የምንመክረው ከዚህ ቀጥሎ የተመለከተው ነው።

አንደኛ፦ ጤናን ማስመርመርና ለጓደኛ መናገር። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት የደም ግፊትና ስኳር መለካት ይገባል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ሦስት ቀን በእግር ልሄድ ነው» ብሎ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ መጠኑንና ሰዓቱን እርሱ ይንገረው እንጂ በራስ ፈቃድ መተውም መጨመርም አይገባም። መድኃኒቱን ከራሱ ጋር በእጅ ይያዝ፤ በበቅሎ ጭነት ውስጥ አይቀበር። ጾሙን በሚመለከት የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው መንገድ አላት። ከዚያ አብሮት የሚሄድ አንድ ሰው በሽታውንም የመድኃኒቱንም ቦታ ይወቅ። ስኳር ያለበት ሰው ባለበት ጉዞ ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪስ አይጥፋ። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መዘባረቅ ከታየ «በርታ» ማለት ሳይሆን ማስቀመጥና፣ መዋጥ ከቻለ፣ ስኳር ማጠጣት ነው። መዋጥ ካልቻለ ግን በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

ሁለተኛ፦ እግርና ጫማ። በወጣትነታቸው ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ድረስ በእግራቸው የተጓዙ አንድ ሐጂ አባላችን ኋላ ቢሰሙ ሳቁብን፤ «አዲስ ጫማ ለሠርግ ነው እንጂ ለመንገድ ይሆናል እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጫማው ቢያንስ ሁለት ወር የተሄደበት፣ ከፊት ለፊቱ ለጣት ቦታ ያለው ይሁን። ቁልቁለት ላይ ጣት ወደ ፊት ስለሚገፋ ጥፍር አስቀድሞ ይቆረጥ። ሁለት ሦስት ካልሲ መያዝና የረጠበውን መለወጥ፣ ተረከዝን ቫዝሊን መቀባት ጥሩ ነው። በየሰዓቱ ሲያርፉ ጫማ አውልቆ እግርን ማየት ነው። ውሃ የቋጠረውን አያፍርጡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ባያመውም ይይ፤ እንዲያውም ጓደኛው ይይለት።

ሦስተኛ፦ ልምምድ። ከሐምሌ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። ጦሳ ከራስጌያችን ቆሞልን ሌላ ዳገት ፍለጋ አያስፈልገንም። መውጣቱ ትንፋሽን፣ መውረዱ ጉልበትን ያስለምዳል። በመጨረሻው ሳምንት የሚያዘውን ጭነት ተሸክሞ መሞከር ነው።

አራተኛ፦ ጭነትና ስንቅ። በ2011 ከተመለስን በኋላ የያንዳንዳችንን ጓዝ በባለሱቁ ሚዛን ብናስቀምጠው አንዱ አሥራ አራት ኪሎ ሆነ! በ2012 ከስድስት ኪሎ አላሳለፍንም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይበቃሉ፤ አይበላሹም፤ አይከብዱም። ውሃ በየደረሱበት ሳይሆን የፈላ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ይሁን። ተቅማጥ ለያዘው ሕይወት አድን ንጥር ሁለት ሦስት ከረጢት ይያዝ። ጋቢ፣ ለዝናብ ላስቲክ፣ ዱላ፣ የእጅ ባትሪ፣ ዝርዝር ብር። ከዚህ ያለፈው ለጉልበት ዕዳ ነው።

አምስተኛ፦ አካሄድ። ደካማው ከፊት ይሂድ፤ ሌላው በእርሱ ልክ ይከተል። እኛ ጠንካሮቹን ከፊት አድርገን፣ የወንድማችንን መድከም ያወቅነው ከወደቀ በኋላ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም አስቀድሞ ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ሲመጣ ያየን ሰዎች ነንና፣ መንገዱ ካልተመቸ ለሌላ ዓመት ማሳደር የእምነት ማነስ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ዕርቅና ዕዳ። ይህን አባቶቻችን ያስተማሩን ስለሆነ አናስረዝመውም። የተጣላ ይታረቅ፤ ያለበትን ዕዳና የሚከፈለውን ለቤተሰቡ ይንገር።

በ2012 ዓ.ም. እንዲህ ተዘጋጅተን ሄድን። እሑድ መስከረም 18 ቀን ተነሥተን ማክሰኞ ማታ ከአምባው ግርጌ ደረስን። ልብስ ሰፊው ወንድማችን ሐኪሙ ስለ ከለከለው በመኪና መጥቶ ጠበቀን። በመኪና የሚመጣ ስንሳለቅበት የነበርነው ሰዎች እርሱን ስናይ ደስታችን ልክ አልነበረውም። የመጨረሻዋን ዳገት ደካማው ከፊት በሚለው ሕጋችን እርሱን አስቀድመን፣ እየተቀመጥን፣ እግሩን እያየን ወጣን። ሌሎቹ ተጓዦች ሁሉ አለፉን። ይለፉ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው እናቀርባለን። ዕድራችን አባል ሲሞት የሚያደርገውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጥሩምባው፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሰልስቱ ሁሉ በደንብ የተጻፈ ነው። አባሉ በሕይወት ሳለ የሚወስደውን ኪኒን ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ በራሳችን ወጪ አንድ ደብተር ገዝተን አምስት ዓምድ አስምረንበታል፦ የተጓዥ ስም፣ የሚነሣበት ቀንና መንገድ፣ ያለበት ሕመምና የሚወስደው መድኃኒት፣ አብሮት የሚሄደው ሰው፣ የቤተሰብ ስልክ። ለግሸን ብቻ አይደለም፤ ለመውሊድም፣ ለቁልቢም፣ ለልጅ ጥየቃም ሩቅ የሚሄድ ሁሉ ይመዝገብበት። የሕመሙን ዓምድ ከዕድሩ ጸሐፊና ከአጃቢው በቀር ማንም እንዳያየው ጉባኤው ይወስንልን። የአባል በሽታ በድንኳን ውስጥ መቀለጃ እንዳይሆንም በደንባችን ይጻፍልን፤ ቅጣቱን ጉባኤው ይተምን። የመጀመሪያው ተቀጪ እኛ ብንሆንም ቅር አይለንም።

ደብተሩ ከዛሬ ጀምሮ በጸሐፊው ዘንድ ይገኛል። በመጀመሪያው መስመር ላይ የተመዘገበው ልብስ ሰፊው ወንድማችን ነው፤ ሕመሙንም በገዛ እጁ ጽፏል። ሁለተኛው መስመር የእኛ ነው፤ የደም ግፊት አለብን፤ ይኸው ተናገርን።

 እግዚአብሔር የሚሄዱትን በሰላም ያድርስልን፤ በሰላምም ይመልስልን።